የሆድ ጎማ ልግዛ ወይስ ቀበቶ?

ጂም የጀመረ ጓደኛ ሁሉ አንድ ቀን ይደውልልኛል። «ስኳትና ዴድሊፍት እየሠራሁ ሆድ ለብቻ መሥራት አለብኝ? ጎማውን ልግዛ ቀበቶውን?» ስኳት ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ዴድሊፍት ብረት ከመሬት ማንሳት ነው። ጎማው በሁለት እጅ ይዘህ መሬት ላይ እያንከባለልክ ወደ ፊት ተዘርግተህ የምትመለስበት፣ ቀበቶው ከባድ ስታነሳ ወገብህን የምታስርበት ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ይህን ስመልስ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ ይህን ጽሑፍ ልኬ እገላገላለሁ።

አዎ፣ ሆድህን ለብቻው ሥራ። ጎማውን ግዛ። ቀበቶው ይቆይህ።

«ከባድ ካነሳህ ሆድህ ራሱ ይጠነክራል» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ስኳት ስትወርድ ሆድህ ይወጠራል። ግን ትልቁን ሥራ የሚሠሩት አከርካሪህን ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱት የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። የፊቱና የጎኑ ድርሻ ያነሰ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሆድ ሳልነካ ዴድሊፍት ብቻ ሠርቼ 120 ኪሎ ላይ ቆምኩ። ብረቱ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ወገቤ ይጎብጣል።

መፍትሔው ቀበቶ መሰለኝ። 2,800 ብር ከፈልኩ፤ «ኦርጅናል ቆዳ ነው» ተብዬ። ሁለት ወር ላብ ሲጠጣ ጫፉ ተላጠ። ሊስትሮ ጋ ወሰድኩት። ልጁ በወስፌ ወጋ አደረገውና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄኮ ካርቶን ነው።» ለስፌቱ 150 ብር ተቀበለኝ። ስትገዛ ላዩን አትይ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ እይ። ቆዳ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው።

ደህና ቀበቶም ቢሆን ሆድ አይሠራልህም። አየር ስበህ ሆድህን የምትገፋበት ግድግዳ ነው። የሚገፋ ሆድ ከሌለህ ግድግዳው ምን ሊረባህ?

ወደ ጎማው ልምጣ። የመጀመሪያውን በ600 ብር ገዛሁ። በአራተኛው ቀን ተዘርግቼ ሳለሁ መሐሉ ቀጭ አለ። አገጬ ሲሚንቶው ላይ! እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ዘንጉ ለካ ባዶ የላስቲክ ቱቦ ነው። ሁለተኛው 1,400 ብር። ዘንጉ ብረት ነው፤ ግን ቀጭን ስለነበር ጎበጠ። ይህን አልጣልኩትም። ቶርኖ ቤት ወስጄ ድፍን ብረት በ250 ብር አስቆረጥኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። ደምረው፤ 2,250 ብር። ያን 600 ብር ባላወጣ 1,650 ይበቃኝ ነበር።

ሱቅ ውስጥ ዘንጉን አስወጥተህ በእጅህ መዝነው። እንደ እስክሪብቶ ከቀለለህ ተወው። ኩሽኔታ ያለው ከሆነ አሽከርክረህ አዳምጥ፤ ከተንቋቋ አትግዛ። ከመርካቶ የሚመጣ ሰው ካለህ ደግሞ አስመጣ። ያው ዕቃ እዚህ 300 ብር ጨምሮ ይጠብቅሃል። መንገዱም ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኪሎ ሜትር አንድ ብር መሆኑ ነው።

በጉልበትህ ተንበርክከህ ጀምር። ስምንት ስምንት ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከከባዱ ሥራ በኋላ። ወገብህ መስመጥ ሲጀምር አቁም።

ለጎን ጡንቻ ምንም አትግዛ። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቤትህ አይጠፋም። ውኃ ስትሞላው 20 ኪሎ ነው። በአንድ እጅህ ብቻ አንጠልጥለህ ቀጥ ብለህ ግቢውን ዙር። ወደ ጀሪካኑ እንዳትዘም የሚይዝህ በሌላው በኩል ያለው ጎንህ ነው። በሁለቱም እጅህ ከያዝክ ሚዛን ይሆንና ጎንህ ያርፋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲቀልህ ደረቅ አሸዋ ሙላው፤ 30 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። እጀታው እንዳልተሰነጠቀ ግን አስቀድመህ እይ፤ እግርህ ላይ ቢወድቅ ቀልድ አይደለም።

ባትሪ ያለው የሚንቀጠቀጥ ቀበቶም አለ። አንድ ጓደኛዬ ቦርጭ ያጠፋል ብለውት 1,900 ብር ከፈለ። ቦርጩ አለ፤ ባትሪው ግን አብጦ ሞተ። የሚጠግነውም አላገኘም። ሆድ አካባቢ ያለ ስብ ለብቻው ተመርጦ አይቀልጥም።

ቀበቶ መቼ ትገዛለህ? ከባድ ክብደት ስትጀምር፣ ወይም ውድድር ስታስብ። ለፓወርሊፍቲንግ (ስኳትና ዴድሊፍት ያሉበት ውድድር) ስፋቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር፣ ለኦሊምፒኩ ክብደት ማንሳት ከ12 እንዳይበልጥ።

ይህን ሁሉ አንብቦ አሁኑኑ ቀበቶ ካልገዛሁ የሚል ካለ የኔን በ500 ብር እለቅለታለሁ። ስፌቱ አዲስ ነው።