ቀሚሶቼን በቃል ላስጌጠችልኝ ባለሙያ

በግል አመስግኛታለሁ፤ ግን እናንተም እንድታውቋት ስለምፈልግ እዚህም እጽፈዋለሁ።

የሀበሻ ልብስ በዌብሳይት እሸጣለሁ፤ አብዛኛውን የማመጣው ከሽሮ ሜዳ ነው። አምና አንዲት ማየት የተሳናቸው እናት ደወሉልኝ። ለልጃቸው ሠርግ ቀሚስ ፈልገው ነው። «ልጄ፣ ስልኬ ዋጋውን ያነብልኛል፤ ልብሱ ጋ ሲደርስ ግን ‹ምስል፣ ምስል› ብሎ ያልፋል» አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። የሸማ ውበቱ ጥለቱ አይደል? እሱን ነበር ገጼ የማይነግራቸው።

ዌብሳይት ማየት ለተሳናቸውም እንዲሆን የምታስተካክለውን ይህችን ባለሙያ ያገኘኋት ሰው አጠያይቄ ነው። መጀመሪያ ኤንቪዲኤን ላፕቶፔ ላይ ጫነችልኝ፤ በፈረንጆች 2006 አንድ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ የጀመረው ነፃ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍታ «እስኪ አንድ ቀሚስ ይዘዙ» አለችኝ። አልቻልኩም።

ለእያንዳንዱ ፎቶ አልት ቴክስት፣ ማለትም ስክሪን ሪደሩ በምስሉ ፋንታ የሚያነበውን መግለጫ፣ የጻፈችው አጠገቤ ቁጭ ብላ እየጠየቀችኝ ነው። ጥለቱ ደረት ላይ ያበቃል ወይስ እስከ ታች ይወርዳል? እጀ ሙሉ ነው? «የሀበሻ ቀሚስ በይው» ስላት «ይሄማ ለሁሉም ይሆናል» አለችኝ። አሁን አንዱ «ነጭ ቀሚስ፣ እጀ ሙሉ፣ ከደረት እስከ ጫፍ የወረደ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት፣ ከነጠላው ጋር» ይላል። «ፎቶ» ብላ አትጀምርም፤ ምስል መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይናገራል። ለማሳመሪያ ብቻ የገቡትን የሐረግ ሥዕሎች እንዲዘላቸው አልታቸውን ሆን ብላ ባዶ አደረገችው። አልቱ ጨርሶ ከሌለ ግን አንዳንዴ የፋይሉን ስም፣ ያንን የካሜራ ቁጥር፣ ማንበብ ይጀምራል። የዘንቢሏ ምልክትም «የመረጧቸው ልብሶች» ትላለች እንጂ «የዘንቢል ሥዕል» አትልም፤ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሲነካት ወዴት እንደምትወስደው ነው።

የልኬት ሰንጠረዡን ደግሞ በፎቶ ነበር የለጠፍኩት። ቁጥር በቁጥር ወደ ጽሁፍ ቀየረችው። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያችሁን በምስል ብቻ የምትለጥፉም፣ እባካችሁ ጽሁፉን ከሥሩ ጨምሩበት።

በተባባልነው ቀንና ዋጋ ጨረሰች። አዲስ ልብስ ሲመጣ ራሴ እንድጽፍም አስተምራኛለች። እኚያን እናት ደውዬ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ያለማንም እርዳታ ገብተው ወርቃማውን አዘዙ፤ ልኩንም ራሳቸው መረጡ።

ዌብሳይት ያላችሁ ሁሉ ይህችን ልጅ አሠሯት። አስፈቅጃታለሁና ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።