«ቲዲ04 ከሆነ ይገባል» ለሚላችሁ ሻጭ ገንዘብ አትላኩ፦ የ3000ጂቲ ቱርቦ ለምትፈልጉ

የ90ዎቹን የጃፓን ስፖርት መኪና ይዛችሁ እዚህ አሜሪካ ቱርቦ (በጭሱ ጉልበት ተሽከርክሮ ወደ ሞተሩ አየር የሚጨምቀውን ዕቃ) የምታፈላልጉ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ ሚትሱቢሺ 3000ጂቲ ቪአር-4 ወይም መንትያውን ዶጅ ስቴልዝ አር/ቲ ቱርቦ የያዛችሁ። አንድ የኦንላይን ሻጭ «ምንም ሳይቀየር በቀጥታ የሚገጠም፣ የታደሰ ጥንድ» ብሎ የሸጠልኝ ቱርቦ ለመኪናዬ የሚሆን አልነበረም። ይባስ ብሎ በመያዣ ስም የተቀበለኝን የፋብሪካ ቱርቦዎች አስቀርቶብኛል። ገንዘቤ በባንክ በኩል ተመልሷል፤ ቱርቦዎቼ ግን እንደወጡ ቀሩ። በጣም ያናደደኝ፣ እናንተም ላይ እንዳይደርስ የምፈልገው ይሄኛው ነው።

ይህ መኪና እዚህ አገር የተሸጠው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1999 ባለው ሞዴል ነው፤ ስቴልዙ በ1996 ሞዴል አበቃ። ባለ 3 ሊትር ቪ6 ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ ሦስቱ ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል፣ ሦስቱ በጋቢናው ግድግዳ በኩል ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ቱርቦ አለ። ሁለቱም የሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ሥራ የሆኑ ቲዲ04-09ቢ ናቸው፣ በልምድ «9ቢ» የምንላቸው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የፊቱ ለኋላ፣ የኋላው ለፊት አይሆንም። የጭሱ አፍ የሚዞርበት አቅጣጫ፣ የዘይትና የውኃ መስመሮቹ የሚገቡበት ቦታ ይለያያል፤ የመለዋወጫ ቁጥራቸውም ለየብቻ ነው።

ካርቶኑን ከፍቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም የፊት! የኋላውን ማኒፎልድ (ቱርቦው የሚታሰርበትን የጭስ መሰብሰቢያ) አምጥቼ አዲሱን ጓርኒሲዮን ደርቤ ለካሁት፤ የቡሎኑ ቀዳዳ ቢገጥም እንኳ አፉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ይቀራል። ከዚያ የስም ሰሌዳ ፈለግሁ። ኦሪጅናሉ ላይ በሪቬት የተያዘች ትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አለች። እነዚህ ላይ ግን አንደኛው የሪቬቱ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶታል፣ ሌላኛው ላይ «ቲዲ04» ብቻ የሚል አዲስ የሚያብረቀርቅ ስቲከር ተለጥፎበታል። ቁጥር የሚባል ነገር የለም።

ሻጩ ጋ ስደውል የሰጠኝ መልስ «ቲዲ04 ቲዲ04 ነው፣ ጎበዝ መካኒክ ያስተካክለዋል» የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው፣ አደገኛም ነው። ቱርቦ ውስጥ የገባ ዘይት ወደ ሞተሩ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ወደ ታች ፈስሶ ነው። መውጫው ወደ ጎን ከዞረ ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀምና በማተሚያው (ዘይት እንዳያልፍ በሚያግደው ቀለበት) አልፎ ወደ ጭሱ ይገባል። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል፣ ሰውም ሞተሩ ያለቀ ይመስለዋል። የኋላውን ለማውረድ ደግሞ በሞተሩና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ እጅ ማስገባት ግድ ነው። ሁለት ጊዜ አውርዶ መስቀል ማለት ሁለት ጊዜ የጉልበት ዋጋ መክፈል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጩ አይከፍልላችሁም።

ብዙ ሰው የሚታለለው በስሙ ስለሆነ ስሙን ልፍታው። «ቲዲ04» የአንድ ዕቃ ስም አይደለም፣ የቤተሰብ ስም ነው። እሱ የሚነግራችሁ የቱርቦውን አካልና የተርባይኑን (ጭሱ የሚያሽከረክረውን ክንፍ) መጠን ነው፤ «09ቢ» የሚለው አየር የሚጨምቀውን ክንፍ ይነግራችኋል። ከኋላው ሌላ ቁጥር ካለ ደግሞ የተርባይኑ ቤት የጭስ መተላለፊያ ስፋት ነው። ቲዲ04ኤል የተባለው ከቲዲ04 የሚተልቅ ተርባይን አለው፣ የእ.ኤ.አ. 2002 ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ላይ ያለው እሱ ነው። ቲዲ04ኤችኤል ከዚያም ይበልጣል፣ ቮልቮ 850 ቱርቦ ላይ ታገኙታላችሁ። ሁሉም በአፍ ሲጠሩ «ቲዲ04» ናቸው። «13ጂ» የሚለው የአየር ክንፍ ስምም እንደዚያው ነው፤ የቮልቮም 13ጂ አለ፣ ለ3000ጂቲ ተብሎ የተዘጋጀም 13ጂ አለ። ከ9ቢ ከፍ ማለት የሚፈልግ ሰው ለዚህ መኪና የተሠራውን፣ የፊትና የኋላ ተብሎ የተለየውን ካልገዛ ቱርቦው ብረት ብቻ ነው።

ሰሌዳዋን የምፈልጋት ለዚህ ነው። የሚትሱቢሺ ቱርቦ ቁጥር በ49177 ከጀመረ ቲዲ04 ነው። 49377 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቲዲ04ኤል፣ 49189 ከሆነ ቲዲ04ኤችኤል። ከሰረዙ በኋላ ያሉት አምስት ቁጥሮች ደግሞ ለየትኛው መኪና፣ የፊት ይሁን የኋላ፣ ይለያሉ። ሻጩ የሁለቱንም ሰሌዳ ፎቶ ካልላከላችሁ፣ ወይም «ሲታደስ ወልቋል» ካላችሁ፣ ተዉት። ሁለቱ ቱርቦ አንድ ዓይነት ቁጥር ካላቸውም ጥንድ አይደሉም።

አሁን ወደ መያዣው ልምጣ። የታደሰ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች «ኮር» የሚሉት ነገር አለ፤ የምትመልሱት አሮጌ ዕቃ ማለት ነው፤ ለእሱ የከፈላችሁት መያዣ ገንዘብ ዕቃውን ስትሰጡ ይመለስላችኋል። ባግባቡ ሲሠራበት ክፋት የለውም፣ የዚህ ዘመን መኪና መለዋወጫ የሚቆየውም በዚህ ነው። የእኔ ሻጭ ግን «ኮሩ ሳይደርሰኝ ዕቃ አልልክም» አለ። የእኔዎቹ ዘይት ማሳለፍ ጀምረው ነበር እንጂ የብረት ቤታቸው አልተሰነጠቀም። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው። ያልተሰነጠቀ የፋብሪካ ቤት ዛሬ በጣም ተፈላጊ ነው፤ ኩሽኔታና ማተሚያ አዲስ ይገኛል፣ ቤቱ ግን በየቦታው የለም። ቅሬታ ሳቀርብ «ተፈትተው ወደ ሥራ ገብተዋል» አለኝ። በምትኩ ያቀረበልኝ ከሱቁ ሌላ ዕቃ የምገዛበት ክሬዲት ነበር፣ ያውም ከላዩ የመመለሻ ቅጣት ተቀንሶለት።

ሶማሌ ተራ ዕቃ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ልምዱ አለው፦ አሮጌውን በእጁ ይዞ ይሄዳል፣ ባንኮኒው ላይ ከአዲሱ ጋር ያስተያያል፣ ቡሎን በቡሎን ይቆጥራል፣ ከዚያ ነው የሚከፍለው። ውቅያኖስ ስለተሻገርን ይህ ልምድ አያስፈልገንም ማለት አይደለም። የኮሩን መያዣ በገንዘብ ክፈሉ፤ አዲሱ መጥቶ፣ ተገጥሞ፣ መኪናው ተነድቶ ካያችሁ በኋላ አሮጌውን ላኩ። ከመላካችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፣ በማይታይ ቦታም ምልክት አድርጉበት። ይህን የማይቀበል ሻጭ የፈለገው የእናንተን ቱርቦ ነው ብላችሁ ያዙ።

ዕቃው በእጃችሁ ሲገባ የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ በዚህ አቅጣጫ መነቃነቁ በጣት ሊታወቃችሁ አይገባም። ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ ያለ ነው፣ ውስጡ ዘይት ስለሌለ አትደንግጡ። ክንፉ ግን ቤቱን መንካት የለበትም። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ስለሆነ ባላንስ ያልተደረገ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው፤ የእናንተው ቱርቦ ባላንስ የተደረገበትን ወረቀት ጠይቁ። የእኔ ሻጭ ይህንንም «ፋብሪካው ጋ ነው ያለው» ብሎ አለፈው።

ዋስትናውን በተመለከተ ለሀበሻ ጋራዥ ደንበኞች አንድ የምለው አለኝ። ብዙዎቹ ዋስትናዎች የባለሙያ ደረሰኝ ይጠይቃሉ፤ ዘይትና ፊልትሮ እንደተቀየረ፣ የዘይት መስመሩ እንደተጸዳ ወይም እንደታደሰ የሚያሳይ። እኛ ደግሞ መካኒኩ ወንድማችን ስለሆነ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ጠይቁት፣ አይቀየምም። መስመሩም በእርግጥ ይጸዳ፤ አሮጌውን ቱርቦ የገደለው በደረቀ ዘይት የተዘጋ መስመር ከሆነ አዲሱንም ይገድለዋል።

ክፍያው በክሬዲት ካርድ ይሁን። ሻጩ «በዜል ከላክህ ቅናሽ አለ» ብሎኝ ነበር (ዜል ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ የሚላክበት ነው)፣ እምቢ ማለቴ ነው ያተረፈኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ በተስማማችሁበት መሠረት ያልቀረበ ዕቃን እንደ ሂሳብ ስሕተት ያየዋል። ሂሳቡ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። የሻጩን ማስታወቂያ ሳይሰርዘው ፎቶ አንሱ፤ እኔን የረዳኝ «በቀጥታ የሚገጠም ጥንድ» የሚለው ቃሉና የሁለቱ አንድ ዓይነት ቱርቦዎች ፎቶ ጎን ለጎን መቅረባቸው ነው። በዜል የሄደ ገንዘብ ግን እንዲህ አይመለስም።

ቶዮታ ሱፕራ ያላችሁም ተጠንቀቁ። የ90ዎቹ ባለ መንታ ቱርቦ ሱፕራ ለጃፓን ገበያ የወጣው የሴራሚክ ተርባይን ነበረው፤ ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተሠራው ሲቲ12ቢ የተባለው ቱርቦ ተርባይን ግን ብረት ነው። ሴራሚኩ ግፊት ሲጨመርበት የመሰባበር ታሪክ አለው፣ ስለዚህ የጃፓኑን በአሜሪካው ዋጋ እንዳይሸጡላችሁ ክንፉን አስፈትታችሁ እዩ።

አሁን ልትገዙ ያሰባችሁት የ3000ጂቲ ወይም የስቴልዝ ጥንድ ካለ የሰሌዳዎቹን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የፊትና የኋላ መሆናቸውን አይቼ እነግራችኋለሁ፣ የሻጩንም ስም እዚያው እነግራችኋለሁ።