ማመልከቻ ጸሐፊ በባሕር ዳር፦ ለጥበቃ ሠራተኛ የሚመች፣ ለፖሊስ አባል የሚያሳስብ

በባሕር ዳር ፍርድ ቤቶች ዙሪያ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዘው የሚሠሩ ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣ ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ወይም ከመርዓዊ በሚኒባስ መጥቶ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ባለጉዳይ ትልቅ አለኝታ ናቸው። እዚህ የሚመዘነው አገልግሎቱ ነው እንጂ አንዱ ሱቅ ከሌላው አይወዳደርም፤ እሱም በዋናነት በሥራ ክርክር። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት የሎጅ ጥበቃና የተሰናበተ ኮንስታብል ቅሬታቸው ቢመሳሰልም መሄጃቸው ለየቅል ነው፤ የጸሐፊው ችሎታ የሚለካውም ይህን ከመጻፉ በፊት በመለየቱ ነው።

ቅርጹን ያውቁታል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 222 የሚጠይቀውን የፍርድ ቤት ስም፣ የተከራካሪዎች አድራሻ፣ የክስ ምክንያት፣ የሥልጣን መግለጫና የሚጠየቀውን ዳኝነት በሥርዓት ያሰፍራሉ። ድክመቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በአንቀጽ 223 የማስረጃ ዝርዝር ላይ ነው። የምስክሩ ስም ይጻፋል፣ አድራሻውና የሚመሰክርበት ነገር ይቀራል። ከመፈረምዎ በፊት ይህን ገጽ ለብቻው ያንብቡት።

ለጥበቃ፣ ለአስተናጋጅ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚያወጡት ክስ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የቆመ ነው፤ የሚቀርበውም ለወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ ለጽሕፈትና ለኮፒ እንጂ «ለመዝገብ ማስከፈቻ» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ወደ ሥራ ልመለስ ለሚል ጥያቄ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቀርብበት ጊዜ፣ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ 3 ወር፣ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት ክፍያው ሊከፈል ይገባ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤውን ቀን ሳይጠይቅ መጻፍ የሚጀምር ጸሐፊ አያስተማምንም።

ሌላው አደጋ አሮጌ ፋይል ነው። ከተሻረው አዋጅ 377/1996 የተረፈ ቅጽ እየገለበጡ የቀን ትርፍ ሰዓትን መደበኛውን የሰዓት ክፍያ በ1.25 እያባዙ የሚያሰሉ አሉ። አሁን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ደመወዙ 4,160 ብር የሆነ ጥበቃ እንውሰድ። በወር 208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 20 ብር ይመጣል። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ከሠራ ከ48ቱ መደበኛ ሰዓት በላይ 24 ሰዓት ይተርፈዋል። ትርፉ ሁሉ በሌሊት ሳይሆን በቀን የተሠራ ቢሆን እንኳ በሳምንት በአዲሱ 720፣ በአሮጌው 600 ብር ነው። በ26 ሳምንት ልዩነቱ 3,120 ብር ይሆናል። ስሌቱን በወረቀት ሠርቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ፖሊስ ላይ ሲደርስ አገልግሎቱ በጣም ያሳስባል። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 2 የመከላከያና የፖሊስ አባላትን፣ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን ከአዋጁ ውጪ አድርጓቸዋል። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ራሱ፣ የመደራጀት መብት ለፖሊስ ምን ያህል እንደሚፈቀድ ለአገር ሕግ ይተወዋል። ሆኖም የጥበቃውን ቅጽ ስም ብቻ ቀይሮ ለኮንስታብሉ የሚሰጥ ጸሐፊ አለ። ተከሳሹ በመከላከያ መልሱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 የሥልጣን መቃወሚያ ያነሳል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ጉዳቱ ግን ከመዝገቡ መዘጋት ይብሳል፦ ጉዳዩ በተሳሳተ ችሎት ቀጠሮ ሲጠብቅ በፖሊስ ተቋሙ ውስጥ የሚቀርበው ይግባኝ ቀን ያልፋል።

ስለዚህ የፖሊስ አባል ከመክፈሉ በፊት ጸሐፊውን ይፈትነው። አሠሪዬ ማን ነው? የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ ከሆነ የሚተዳደርበት ሕግ የሚገኘው በነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉ ከሆነ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በዝክረ ሕግ ነው፤ ጸሐፊው ደንቡን ከፍቶ የይግባኙን አካልና ቀን ካላሳየ አይጻፍለት። አቤቱታው የሚቀርበው ለተቋሙ ነው፤ የጣቢያ ኃላፊውን በስሙ መክሰስ ትርፉ ድካም ነው። ሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ አንዱን መዝገብ ቤት «ገቢ» ብሎ ቀንና ቁጥር እንዲጽፍበት ያድርግ፤ ያለዚህ በጊዜው ማቅረቡን ማስረዳት ይቸግረዋል። የጡረታ ክርክር ደግሞ በማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤትና በይግባኝ ጉባኤው በኩል የሚሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። የአስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም ያያል፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይቀበልም። አቅም ለሌለው ሰው ከሁሉ በፊት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይሻላል።

በዳኛ ላይ የሚቀርብ አቤቱታም እዚሁ ሱቅ ይጻፋል፣ ብዙውን ጊዜም ተደበላልቆ። ዳኛው ሕጉን ተሳስቶ ተርጉሟል ከተባለ መፍትሔው ይግባኝ ነው፤ በሥራ ክርክር 30 ቀን አለው። ጉቦ ወይም ወገንተኝነት ከሆነ ለክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማቅረብ ሁለቱንም ያዳክማል።

የዳኞች አሿሿም ለፖሊሱ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ሲከራከር ባላጋራው አስፈጻሚው አካል ነውና። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ለክልሉ ምክር ቤት የሚያቀርበው ርእሰ መስተዳድሩ ነው። ሌሎቹን ዳኞች የሚያቀርበው ጉባኤው ሲሆን፣ ለጠቅላይና ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዕጩዎች የፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየት ይጠየቃል፤ በ3 ወር ካልሰጠ ምክር ቤቱ ሹመቱን መስጠት ይችላል። ለወረዳ ዳኛ ይህ የውጭ ዓይን በሕገ መንግሥቱ አልተቀመጠም። የጥበቃውና የአስተናጋጇ ክርክር የሚጀመረው ግን እዚያው ወረዳ ነው። ማሻሻያው ከዚያ ቢጀምር ትክክል ነው እንላለን፦ የዕጩዎች ስምና የፈተና ውጤት በይፋ ይለጠፍ፣ ለሕዝብ አስተያየትም በቂ ቀን ይሰጥ።

በዕጩ ዳኞች ላይ አስተያየት ሲጠየቅ ጸሐፊው የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲጽፍ ይንገሩት፦ የዕጩው ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎቱ የዋለበት ቀን፣ የተደረገው ወይም የተባለው ነገር፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ስድብና ውዳሴ ሲጨመርበት ጉባኤው የሚያጣራው ነገር ያጣል፣ በገጽ የሚቆጠረው ክፍያም ከፍ ይላል።