ባለ 150 ሊትሩ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በጅማ ክረምት

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም ብርዷ በጋቢና በቡና የሚቻል ስለሆነ ክፍል ማሞቂያ የሚያስገጥም ሰው ብዙ አይታይም። ሙቀት የምንገዛው ለገላ መታጠቢያ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ቆጣቢ ማሞቂያ መምረጥ ማለት በተግባር ከኤሌክትሪክ ቦይለርና ከፀሐይ ማሞቂያ አንዱን መምረጥ ነው። ሁለቱንም በቤቴ ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ቀድሞ የነበረን ባለ 50 ሊትርና 1,500 ዋት ቦይለር ነው። ይህን ያህል ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በጊዜ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማታ ማታ የሠፈራችን መብራት ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ግን የማሞቂያው ጉልበት በሲሶ ስለሚቀንስ ከሁለት ሰዓት በላይ እንጠብቃለን። ሻጭ «ይሄኛው መብራት አይበላም» ቢል አይታመን፤ በሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በሚግል ሽቦ) የሚሠራ ቦይለር ሁሉ የወሰደውን ኤሌክትሪክ እኩል ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ የሚለያዩት የሞቀውን ውሃ ሳያቀዘቅዙ በማቆየት ነው።

የፀሐይ ማሞቂያውን የገዛሁት ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ነው። 15 የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር ስለተመጠጠ ሙቀቱ አያመልጥም፤ የሞቀው ውሃም በራሱ ወደ ታንከሩ ስለሚወጣ ፓምፕ አያስፈልገውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሳይቀላቀልበት እጅ አያስነካም ነበር።

ጉድለቱ የታየኝ በሰኔ ነው። አብሮት የመጣው ማቆሚያ ቱቦዎቹን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ወደ ደቡብ ያቆማቸዋል፤ ይህ ከምድር ወገብ ለራቁ አገሮች እንጂ በሰሜን 7.7 ዲግሪ ላይ ላለችው ጅማ የሚሆን አይደለም። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን 16 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለምታልፍ፣ ከደመናው የተረፈው ጨረር ቱቦዎቹን በሰያፍ ይመታቸዋል፤ ፊት ለፊት ቢያገኛቸው ኖሮ ከሚሰጠውም ግማሹን ብቻ ይሰጣል። ገጣሚው ይህን ስነግረው «ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራው» ብሎ አለፈኝ። የማቆሚያውን የኋላ እግሮች ብየዳ ቤት አስቆርጬ ወደ 20 ዲግሪ ሳወርደው ያ ግማሽ ወደ አራት አምስተኛ ከፍ አለ፣ በበጋም ያጎደለብኝ ነገር የለም። ይህ ሥራ ከመጀመሪያው በገጣሚው ሊሠራ ይገባ ነበር።

አንድ ቱቦ የሰበርኩት ግን በራሴ ስንፍና ነው። ውሃ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ታንከሩ ባዶውን ፀሐይ ላይ ውሎ፣ እኩለ ቀን ላይ የመጣው ቀዝቃዛ ውሃ የጋለውን መስታወት ሲነካው ጠሽ ብሎ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ሮቶውን ከማሞቂያው ከፍ አድርጌ አስቀምጫለሁ። መለዋወጫ የሚገዛ ሰው የቱቦውን የታችኛውን ጫፍ ይመልከት፤ እንደ ብር የሚያብረቀርቀው ቀለም ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቶበታልና አይግዛው።

ዋጋው ከቦይለሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ቢሆንም ሰባትና ስምንት ወር ያለ መብራት ስለሚያገለግለኝ አልተቆጨሁበትም። በሐምሌና በነሐሴ ግን ብቻውን አይበቃም። እኔ አሮጌውን ቦይለር ሳልሸጥ ከፀሐይ ማሞቂያው የሚወርደው ውሃ በእሱ በኩል እንዲያልፍ አስቀጥዬዋለሁ፤ ደመናማ በሆነ ቀን 35 ዲግሪ ደርሶ ለብ ያለ ውሃ ከገባለት 60 ለማድረስ በ2.3 ፋንታ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።