ጣሪያው ለሚከፈት መኪናችን ሕይወት ለመለሱለት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ውድ ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በሰሜን ቨርጂኒያ በአንዲት አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ነው። ከዚያም በላይ፣ ጣሪያው የሚከፈት ቅንጡ መኪና ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታማርጡ ሁሉ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እሳቸውን እንድታማክሩ ለመጠቆም እወዳለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ፣ እዚህም ዘወትር እንደምጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ባለቤቴና እኔ ያለችን መኪና የ1997 ሞዴል መርሰዲስ ኤስኤል 500 ናት። አር129 በሚል የፋብሪካ መለያ የሚታወቀው ይህ ትውልድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀርቦ እስከ 2001 ድረስ የተመረተ ሲሆን፣ ንድፉ የወጣው በብሩኖ ሳኮ መሪነት ነው። እኔ ከመልኩ ይልቅ የምወደው የተሠራበትን ጥንቃቄ ነው። መኪናው ሊገለበጥ ሲል ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ተኝቶ የሚኖረው የብረት ቅስት በ0.3 ሰከንድ ውስጥ በራሱ ተነሥቶ ይቆማል፤ የደኅንነት ቀበቶዎቹም ከበሩ ምሰሶ ላይ ሳይሆን ከመቀመጫው ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ከሸራው ጣሪያ በተጨማሪ ለክረምት የሚገጠም የአሉሚኒየም ጣሪያ አለው፤ እሱን ለማውረድና ለመስቀል ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሃያ አምስት ዓመት ስለሞላት በቨርጂኒያ ሕግ የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ አውጥተንላታል፤ ይህ ሰሌዳ ለዕለት ተዕለት የሥራ ምልልስ ስለማይፈቅድ የምንነዳት አየሩ ሲመች ለመዝናናት ነው። በተለይ በጥቅምት ወር ቅጠሉ ሲቀላ 105 ማይል በሚረዝመው የስካይላይን ድራይቭ የተራራ መንገድ ላይ ጣሪያውን ከፍተን ስንጓዝ የሚሰማንን ደስታ በጽሑፍ ለመግለጽ ይከብደኛል።

ችግሩ የጀመረው ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ከፀሐይ መከላከያው ሥር፣ ዘይት መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። የዚህ መኪና ሸራ ጣሪያ የሚንቀሳቀሰው በሃይድሮሊክ ኃይል ነው፤ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ከኋላ የሻንጣ መጫኛ ውስጥ ያለው ፓምፕ ዘይቱን ገፍቶ ከአሥር በላይ ወደሆኑ ትንንሽ ሲሊንደሮች ይልከዋል። ከእነዚህ መካከል ጣሪያውን ከመስታወቱ ፍሬም ጋር የሚቆልፉት ከሹፌሩና ከተሳፋሪው ራስ በላይ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ሲያረጁ ዘይታቸውን የሚያፈሱት በቀጥታ በሰው ልብስና በቆዳ መቀመጫ ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው እኩሌታው ላይ ደርሶ መቆም ጀመረ። መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ ሲሊንደሮቹ በሙሉ፣ ፓምፑና የጣሪያው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር በአዲስ መቀየር እንዳለባቸው ነግሮን የጠየቀን ገንዘብ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ዋጋ የማይተናነስ ነበር። እንዲያውም ባለቤቴ መኪናዋን ስለመሸጥ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ወደ ጋሼ የመራን አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ነው። እሳቸው ገና መኪናዋን እንዳዩ ቁልፉን ተጭነው ጣሪያው የት ላይ እንደሚቆም ካስተዋሉ በኋላ፣ ስለ ዋጋ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጣሪያው ሲከፈት የሚከናወነውን ሥራ በቅደም ተከተል አስረዱኝ። በመጀመሪያ መስታወቶቹ ይወርዳሉ፤ የጣሪያው የኋላ ቅስት ይነሣል፤ ቀጥሎ የማጠፊያው ክዳን ይከፈታል፤ ሸራው ታጥፎ ይገባል፤ በመጨረሻም ክዳኑ ይዘጋል። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ «ተከናውኗል» የሚል መልእክት ለኮምፒውተሩ ትልካለች፤ ኮምፒውተሩም ያንን ምልክት ካላገኘ ቀጣዩን ትእዛዝ አይሰጥም። ስለዚህ ጣሪያው መሐል መንገድ ላይ ሲቆም ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ መልእክት ያቋረጠችውን ማብሪያ ማጥፊያ ፈልጎ ማግኘት ይቀድማል። ጋሼ ሽቦዎቹን በመለኪያ አንድ በአንድ ፈትሸው ጥፋተኛዋን አገኟት፤ ኮምፒውተሩም ፓምፑም ደኅና ነበሩ።

የሚያፈሱትን ሲሊንደሮች ካወጡ በኋላ በጠረጴዛቸው ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው፣ እያንዳንዱን ከየት እንደወጣ በትንሽ ወረቀት ጽፈው አሠሩበት። አንዱን ከፍተው በውስጡ ያለውን የዘይት ማገጃ ላስቲክ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና በጣቴ እንድነካው ነገሩኝ፤ ስነካው እንደ ደረቀ ድርቆሽ ተፈረፈረ። «ብረቱን ተመልከቺው ልጄ፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ያረጀው ይህ ላስቲክ ብቻ ነው፤ ታዲያ ብረቱን የምንጥለው ምን በድሎ ነው?» አሉኝ። ሲሊንደሮቹን በሙሉ አጥበው፣ ዕድሜ በሚቋቋም አዲስ ላስቲክ ሠርተው፣ በመርሰዲስ ደረጃ የተፈቀደውን የሃይድሮሊክ ዘይት ሞልተው ሲመልሱልን የከፈልነው የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠየቀን ከሲሶው ያነሰ ነው። ከፍ ያለ ሥራ ሠርተው እንኳ የተረፈውን ዘይት በጠርሙስ፣ አሮጌዎቹን ላስቲኮች በላስቲክ ከረጢት አድርገው አብረው ሰጥተውናል።

ይህን የመጠገን ጥበብ ያገኙት አዲስ አበባ በሠሩባቸው ዓመታት እንደሆነ አጫውተውኛል። መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት፣ ቢገኝም የውጭ ምንዛሪ በሚጠይቅበት አገር ያደገ መካኒክ ዕቃውን ከመጣሉ በፊት ከፍቶ ያየዋል፤ እዚህ አገር ግን የሰዓት ክፍያ ውድ በመሆኑ ብዙ ጋራዦች ሙሉውን ዕቃ መቀየር ይቀላቸዋል። በእኔ እምነት ለእንዲህ ዓይነት ያረጁ ቅንጡ መኪኖች የሚያስፈልገው የጋሼ ዓይነት ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውለታቸው ልለፍ፤ ይኸኛው ምናልባት ከእኛ ይልቅ እናንተን ይጠቅማል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጣሪያው የሚከፈት መኪና ለመግዛት አስቦ ሲያማርጥ፣ ጋሼ የሚያነጻጽሩበት መንገድ በየማስታወቂያው ከምናነበው ፈጽሞ የተለየ ሆኖ አገኘነው። ሰው ሁሉ የፈረስ ጉልበትና ከዜሮ እስከ 60 ማይል የሚወስደውን ሰከንድ ሲያወዳድር፣ እሳቸው ግን ጣሪያው በምን ኃይል እንደሚሠራ፣ የዝናቡ ውኃ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ መውጫው ቢደፈን ውኃው የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚያርፍ ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ከ1996 ጀምሮ የተሠራውን የመጀመሪያውን ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር እንውሰድ። አነዳዱ እጅግ የሚወደድ፣ ሚዛኑም የተጠበቀ መኪና ነው፤ ነገር ግን የጣሪያው የውኃ መውጫ በቅጠል ከተደፈነ ውኃው ወደ ውስጥ ገብቶ ከመቀመጫው ሥር ያለውን የስርቆት መከላከያ መቆጣጠሪያ ሊያጠልቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ መኪናው አይነሣም። በ2002 የወጣው ቢኤምደብሊው ዜድ4ም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ የጣሪያው ሞተር የተቀመጠው ውኃው በሚወርድበት ጥግ በመሆኑ፣ መውጫው ሲደፈን ሞተሩ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ይቃጠላል። የቨርጂኒያን የመጸው ቅጠል የምታውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ወንድማችን ልቡ ያረፈው በጃጓር ኤክስኬ8 ላይ ነበር፤ እኔም በመልክ ከእሱ የሚበልጥ የዘመኑ መኪና ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ግን ከፊት መስታወቱ በላይ ያለውን ሽፋን ገልጠው፣ ወደ ጣሪያው መቆለፊያ የሚሄደውን የሃይድሮሊክ ቱቦ አሳዩት። ይህ ቱቦ ከፍተኛ ግፊት ይሸከማል፤ ሲያረጅ ይፈነዳና አረንጓዴውን ዘይት በሹፌሩ ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ ኤክስኬ8 የሚገዛ ሰው በዚያ ሽፋን ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ምልክት መኖር አለመኖሩን መመልከት፣ ቱቦው ተቀይሮ እንደሆነም መጠየቅ ይኖርበታል።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ከእኛ መኪና ቀጥሎ ስለመጣው፣ በ2001 ስለወጣው አር230 ኤስኤል ነው። ጣሪያው ሸራ መሆኑ ቀርቶ በ16 ሰከንድ ውስጥ ታጥፎ የሚገባ ብረትና መስታወት በመሆኑ በክረምትም በበጋም ጸጥ ያለ መኪና ነው፤ ዋጋውም ዛሬ ከአዲስነቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ወርዷል። የጋሼ ምክር ግን የወረደውን ዋጋ አይታችሁ ብቻ እንዳትወስኑ ነው፤ ምክንያቱም የጥገናው ወጪ አብሮ አልወረደም። በሃይድሮሊክ የሚሠራው የሰስፔንሽኑ (የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝበው ክፍል) ፓምፕና ቱቦዎች፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው ፍሬኑ፣ እንዲሁም ውኃ ሊገባበት በሚችለው የኋላ ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ገንዘብ የሚበሉ ናቸው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር በአንድ ወገን ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ገዢው ዋጋ ከመደራደሩ በፊት ምክንያቱን እንዲያስመረምር ይመክራሉ። ራስ ምታት ለማይፈልግና መኪናውን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ደግሞ እሳቸው በመጀመሪያ የሚጠቅሱት ሌክሰስ ኤስሲ430ን ነው፤ 4.3 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ በጽናቱ የተመሰገነ ነው። የኋላ መቀመጫው ለሕፃን እንኳ የማይበቃ መሆኑንና አነዳዱ ከስፖርት መኪና ይልቅ ወደ ምቾት ማድላቱን ግን አይደብቁም። ወንድማችን በመጨረሻ የገዛው ይህንኑ ነው፤ እኔ በበኩሌ የእኛን አር129 በምንም አልለውጠውም፤ ይህ ግን የልብ ጉዳይ ነው።

ስለ ታማኝነታቸው አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የምናውቀው ሰው ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲሲ ይዞላቸው ሲመጣ፣ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደሩ ሞተር ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠ በመሆኑ ለብዙው ሥራ ሞተሩን ማውረድ እንደሚያስፈልግ፣ ለዚያ የሚሆን መሣሪያም በጋራዣቸው እንደሌለ ገልጸው፣ ሥራውን ወደሚያውቅ ሌላ ባለሙያ ራሳቸው ደውለው መርተውታል። ከዚያ መኪና ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ገንዘብ ቀላል አልነበረም።

ወደ እሳቸው ለምትሄዱ ሰዎች ማወቅ የሚገባችሁ ነገሮች አሉ። ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል፤ ሲሊንደር አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አድሶ መመለስ የአንድ ከሰዓት ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ መኪናው ለሳምንቱ መጨረሻ ሠርግ ያስፈልገኛል ብላችሁ ሐሙስ ቀን ብትመጡ አይቀበሏችሁም። የሞተርና የካምቢዮ ሥራም ይሠራሉ፤ የቀለምና የሞሌጅ ሥራ ግን አይሠሩም። ስትሄዱም ከዚህ በፊት የተሠራላችሁን የጥገና ደረሰኝ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ በመጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ዋጋ የሚነግሩት ፈትሸው ከጨረሱ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ የነገሩትን ዋጋ በእኛ ላይ አልጨመሩም።

ጣሪያችሁን እስክታሳዩአቸው ድረስ እሳቸው ለእኛ የሰጡንን ምክር ላካፍላችሁ። ሸራ ጣሪያ እርጥብ እንደሆነ ታጥፎ እንዳይቀመጥ፤ ይሻግታልና። የኋላ መስኮቱ እንደ እኛው መኪና በፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ፣ በብርድ ቀን ጣሪያውን አትጠፉ፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። መኪናው በክረምት ቢቆምም አየሩ ሞቅ ባለ ቀን ጣሪያውን አልፎ አልፎ ክፈቱና ዝጉት፤ ላስቲኮቹ ዘይት እንዲያገኙ ይረዳል። የውኃ መውጫዎቹን በኅዳር ወር፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲያበቃ፣ አስጠርጉ።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎት አውቃለሁ። ለእኛ ቤተሰብ ላደረጉልን ሁሉ እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። የጸደይ ወራት ሲደርስ ሰው ሁሉ ጣሪያውን ለመክፈት ስለሚጣደፍ ወረፋው ይበዛል፤ ብትችሉ ከመጋቢት በፊት ቀጠሮ ያዙ።