ቀኑን ሰሌዳ ላይ እንድጽፍ ላደረገችኝ ፊዚዮቴራፒስት

ምስጋና መጻፍ አልችልበትም። ግን ትከሻውን የሚያሻሽ ሰው ባየሁ ቁጥር ያንኑ ታሪክ ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ 52 ዓመቴ ነው። የሥራዬ ግማሹ አፍ፣ ግማሹ ክንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ላይ መጻፍና ማጥፋት። ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምጽፈው ቀኑን ነው፣ ከላይ ቀኝ ጥግ ላይ። የቆየ ልማድ ነው።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ተኝቼበት ነው ብዬ ናቅኩት። ከዚያ ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ጀመር። በቀኝ ጎን መተኛት ቀረ። ፀጉር ማሰር ቀረ። የመኪና ቀበቶ ለመሳብ መላ ሰውነቴን እዞር ነበር። የሚገርመው ግን የሰሌዳው ነገር ነው። ጽሁፌ ከሳምንት ሳምንት ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። የነቃሁት ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ቆመው ሲገለብጡ ሳይ ነው። ቀኑንማ መጻፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ።

የወሰድኩት እርምጃ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበር። ማስታገሻ ዋጥኩ። ክንዴን ደረቴ ላይ አጥፌ እንደ እንቁላል ተንከባከብኩት፤ ይበልጥ ደረቀ። አንድ ቦታ ደግሞ ሄድኩና ክንዴን እንደ ዛገ በር ጎተቱልኝ። «ትንሽ ይታገሡ፣ ይለቃል» አሉኝ። የለቀቀው እንባዬ ነው። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ አደርኩ።

ይቺን ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ የምታክመውን ልጅ፣ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልጅ የምላት በዕድሜ ልጄ ስለምትሆን ነው እንጂ በሙያዋ አንቱ የተባለች ናት።

የመጀመሪያው ቀን ትከሻዬን ወዲያው አልነካችም። ቁጭ ብላ ጠየቀችኝ። ወድቀዋል? ትኩሳት አለዎት? ያለምክንያት ክብደት ቀንሰዋል? ጣትዎ ይደነዝዛል? ደረትዎን ይጨምቅዎታል? «ስኳርስ ተመርምረው ያውቃሉ?» ስትለኝ ተናደድኩ። ለትከሻ መጥቼ ስለ ስኳር ምን አገባት?

ከዚያ እንደ ሁለት የተጋጠሙ ማስመሪያዎች ያለ ማዕዘን መለኪያ አወጣች። ጎኒዮሜትር ይባላል። «በራስዎ ያንሱት» አለች። ወደ ጎን 85 ዲግሪ ላይ ቆመ። ጤነኛ ክንድ እስከ 180 ገደማ ይሄዳል። ቀጥላ «አሁን እርስዎ ምንም አይሥሩ፣ ለኔ ይተዉት» ብላ ራሷ አነሳችው። እዚያው 85 ላይ ቀጥ አለ። ክርኔን ጎኔ ላይ አስደግፋ እጄን ወደ ውጭ ስታዞረው ደግሞ ከ10 ዲግሪ አላለፈም። ፊቷን አየሁት፤ ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ችግሩ የጡንቻ ወይም የጅማት ብቻ ቢሆን ራሴ ማንሳት ካቃተኝ ቦታ በሰው እጅ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አልፎ ይሄዳል። የኔ በራሴም በሷም እጅ አንድ ቦታ ቆመ። የተነሳሁት ኤክስሬይ ደግሞ ንጹህ ነው። ስለዚህ የታሰረው መገጣጠሚያው ራሱ ነው። የክንድ አጥንት ጫፍ የሚገባበትን መገጣጠሚያ እንደ ከረጢት የሚሸፍን ነገር አለ፤ እሱ ይቆጣና ይወፍራል፣ ከዚያ ይኮማተራል። ፍሮዝን ሾልደር ይሉታል፣ የደረቀ ትከሻ እንበለው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከሌላው በብዙ እጥፍ ይያዛሉ። የጥያቄዋ ምክንያት ይሄ ነበር።

ተመረመርኩ። ስኳር አለብኝ። ለትከሻ ሄጄ ስኳሬን አገኘሁ፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ሌላ ጽሁፍ ይገባት ነበር።

ሐኪም ዘንድም የላከችኝ እሷ ናት። ሐኪሙ መገጣጠሚያው ውስጥ መርፌ ወጋኝ። መርፌው ስኳሬን ስለሚጨምረው ጥቂት ቀን እየተለካሁ ቆየሁ። ሌሊቱን ያረገበልኝ ያ መርፌ ነው፤ እውነቱን ልናገር። ግን መርፌው ሕመሙን ሲቀንሰው ክንዴን ያንቀሳቀሰልኝ የሷ ሥራ ነው። ሁለቱ ተባብረው እንጂ አንዱ ብቻውን አይደለም።

በጣም የወደድኩላት አለመዋሸቷን ነው። «በሁለት ሳምንት አድንዎታለሁ ብልዎት ውሸቴን ነው» አለችኝ። ይሄ በሽታ ሦስት ወቅት አለው። መጀመሪያ ያማል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ይፈታል። ጠቅላላው ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊወስድ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ትንሽ ድርቀት ይቀራል። የፊዚዮቴራፒ ሥራ በየወቅቱ የሚገባውን መስጠት ነው፤ የሚያም ጊዜ ላይ በኃይል መጎተት እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ያ ሦስት ሌሊት ያኔ ገባኝ።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ አሳፋሪ የሚባል ቀላል ነበር። ግራ እጄን ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ አጎነብሳለሁ፣ ቀኙን እንደ ሰዓት ፔንዱለም አንጠልጥዬ በቀስታ አወዛውዛለሁ። ለዚህ ነው ከሥራ ያስፈቀድኩት? አልኩ በሆዴ። እያወዛወዝኩ ታሪኩን ነገረችኝ። ይሄ እንቅስቃሴ በኮድማን ስም ይጠራል። ኤርነስት ኮድማን የቦስተን ቀዶ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ይሄን በሽታ ፍሮዝን ሾልደር ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ያከመውን ሰው ከዓመት በኋላ እየፈለገ ዳነ ወይስ አልዳነ እያለ የሚመዘግብ ሰው ነበር፤ በዚህም ከባልደረቦቹ ጋር ተጣልቷል። ልጅቷም ከሱ የወረሰችው ይመስለኛል። ደብተሯ ላይ በየቀጠሮው ዲግሪዬ ይጻፋል። 85፣ 85፣ 90፣ 88፣ 97። ሲወርድም ትጽፈዋለች። እኔ ማርክ ስሰጥ የኖርኩ ሰው፣ በእርጅናዬ ማርኬን ለማየት ደብተር ላይ አንገቴን እሰግ ጀመር።

ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይዞ ወደ ፊት መግፋት መጣ። ከዚያ መጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዤ ጤነኛው እጄ የታመመውን ወደ ውጭ እንዲገፋው። ከዚያ ግድግዳ። ጣቶቼን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ አስኬዳለሁ፣ የደረስኩበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ አሁንም እንደ ቴርሞሜትር ተሰምሯል፤ ማጥፋት አልፈልግም። ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ እየሰበቅኩ ሳጭበረብር ሁልጊዜ ትይዘኛለች። «መምህር፣ ይሄ መኮረጅ ነው» ትለኛለች።

ስለ ሕመም የሰጠችኝ ሕግ አንድ ነው፦ ስሠራ ትንሽ ቢያም ችግር የለም፣ ሕመሙ ካደረ ግን በዝቷል። በቃ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን የማመዛዝንበት ነገር ይሄ ሆነ። ድሮ ሕመም ሲሰማኝ እቆም ነበር፤ አሁን ነገ ጠዋትን እጠብቃለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ክንዴ ሲወዛወዝ ስለሚያመኝ በእግር መሄድ ትቼ ነበር። ይሄን ያወጣጣችኝም እሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። «ትከሻ ነው የታመመው፣ እግር ምን አደረገ?» ብላ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እንድራመድ አዘዘችኝ። ከ10 ደቂቃ ጀመርኩ። ስኳሬም ወረደ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። ሌሊት ደግሞ ክንዴ ሥር ትራስ እንዳደርግ አሳየችኝ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ለወራት ማን ነገረኝ? ማንም።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ፣ አለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ቀጠሮ ላይ ትዘገያለች። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ሳትጨርስ አትጠራችሁም። መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ። የቤት ሥራችሁን ካልሠራችሁ ደግሞ ታውቅባችኋለች፣ ፊቷም ይጠቁራል። ተኝቼ ልታሽልኝ፣ እሷው ትጨርሰው የምትሉ ከሆነ አትስማሙም። በእጇ የምትሠራው ከቀጠሮው ሩቡን ነው፤ የቀረው እኔው ላይ ነው።

ትከሻ ሁሉ እንደኔ አይደለም። እሷ ራሷ የምትለውን ላስተላልፍ፦ ወድቃችሁ ቅርጹ ከተበላሸ፣ መገጣጠሚያው ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከደረት መጨነቅና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ እሷ ጋ አትሂዱ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቅዳልኛለች። የኔ ልጅ፣ ይሄን ካነበብሽው፣ እጅሽ ይባረክ።

ሰባት ወር ሆነን። ባለፈው ሳምንት ደብተሯ ላይ 150 ተጻፈ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ጠመኔ አነሳሁና ሳላስበው ቀኑን ቀኝ ጥግ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ዛሬ ቀን አለ!» ብሎ ጮኸ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ጽሁፉ ከሰሌዳው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ይወርዳል። የመለሰችልኝ ይሄን ነው፦ «አየሁት መምህር። የቀረችንን ሁለት ጣት ሰኞ እንጨርሳታለን።»