“ከየትኛው ጥይት?” ብለው ለጠየቁን የደብረ ብርሃን ባለሙያ ምስጋና

ደብረ ብርሃን ላይ የብረትና የመስታወት ሥራ ለሚሠሩት ጋሼ እና ለሦስቱ ረዳቶቻቸው ምስጋናችን ይድረሳቸው። ጥይት በሚያቆም መስታወት የሠሩልን የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የገንዘብ መክፈያ መስኮትና በአስፋልቱ በኩል ያለውን መስኮት ነው። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ እናገናኛችኋለን። “እጃቸው ይባረክ” ብለን ብንተወው ግን ለሌላው ብዙም አይጠቅምም። ሰውየው ለምን እንደሚመሰገኑ የሚታወቀው ሥራው ሲዘረዘር ነው።

ብዙ ጊዜ ገዢው ሱቅ ገብቶ “ቡሌት ፕሩፍ አላችሁ?” ይላል፣ ሻጩም “ሞልቶ” ይላል፣ ከዚያ ክርክሩ ዋጋ ላይ ነው። እኒህ ሰው ግን ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት “ከየትኛው ጥይት?” ብለው ይጠይቃሉ። ጥይት የሚባል ሁሉ የማይበሳው መስታወት የለም። ያለው የታወቀ ዓይነት ጥይት በታወቀ ፍጥነትና ርቀት፣ በተቆጠረ ምት ተተኩሶበት ያላሳለፈ መስታወት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የሻጭ ቃል ነው።

የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 1063 መስታወቱን ከቢአር 1 እስከ ቢአር 7 ይከፍለዋል። ቢአር 2 የዘጠኝ ሚሊ ሽጉጥ ነው፤ 8 ግራም እርሳስ በሰከንድ 400 ሜትር እየበረረ ከ5 ሜትር ይመታዋል። ቢአር 4 ደግሞ 44 ማግነም የሚባለው ከባድ ሽጉጥ ነው፤ 15.6 ግራም በ440 ሜትር። ከቢአር 5 ጀምሮ ጠመንጃ ይመጣል፤ መጀመሪያ 5.56 ሚሊ፣ ቀጥሎ በቢአር 6 ላይ 7.62 በ51 (ስፋቱ 7.62፣ ቀለሁ 51 ሚሊ)፣ 9.5 ግራሙ በ830 ሜትር ፍጥነት ከ10 ሜትር ይተኮሳል። ቢአር 7 የዚሁ ጠመንጃ ብረት በሺ ጥይት ነው። ምቱ ሦስት ሲሆን፣ ጎኑ 12 ሳንቲ በሆነ ሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ቢመታም ይቋቋማል የሚል ቃል በማረጋገጫ ወረቀቱ ውስጥ የለም።

አሁን የእኛ አገር ጥያቄ ይመጣል፤ “ክላሽ ይችላል ወይ?” ክላሽ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም። ሻጩ “7.62 ይችላል” ካላችሁ “በ39 ነው በ51?” በሉት። ሁለቱም 7.62 ይባሉ እንጂ የክላሹ 39፣ የኔቶው 51 ሚሊ ቀለህ ያለው ነው። ክላሹን በስሙ የሚጠራው ቪፒኤኤም የተባለው መለኪያ ነው፤ በደረጃ 6 ላይ 8 ግራም ገደማ የሆነውን ለስላሳ ብረት ልብ ያለውን ጥይት በሰከንድ በ720 ሜትር ያስተኩሳል። ጉልበቱ ሲሰላ 2000 ጁል አካባቢ ነው። የዘጠኝ ሚሊው 640 ነው፣ የቢአር 6ቱ ከ3200 ይበልጣል። ይሁንና ጉልበት ብቻውን አይፈርድም። የ44 ማግነሙ 1500 ጁል ከ5.56ቱ 1800 ብዙ አይርቅም፤ ፈጣኑና ጫፉ ላይ ብረት ያለው 5.56 ግን ማግነሙን ያቆመውን መስታወት አልፎ ሊሄድ ይችላል። ጋሼ የሚሉት አጭር ነው። ለክላሽ የሚሠራ ሰው የቪፒኤኤም 6 ወይም የቢአር 6 ወረቀት ያምጣ፤ የቢአር 4 ወረቀት ይዞ ክላሽ ይችላል የሚል ሻጭ ገንዘባችሁን እንጂ ነፍሳችሁን አላሰበም።

የቁጥሮቹ መምታታት ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር ነው። የአሜሪካው ዩኤል 752 የራሱ ደረጃ አለው፤ 1፣ 2 እና 3 ሽጉጥ ናቸው (ሦስተኛው 44 ማግነም)፣ 4 እና 5 አንድ የጠመንጃ ምት ብቻ፣ 8 ደግሞ በ5ኛው ደረጃ የሚተኮሰው ያው 7.62 አምስት ጊዜ ነው። ኤንአይጄ የሚባለው ሌላ የአሜሪካ መለኪያ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃው ጠመንጃ፣ “ሦስት ኤ” የሚለው ሽጉጥ ነው። እንግዲህ “ደረጃ ሦስት ነው” ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ምን አላችሁ? በአንዱ መለኪያ ሽጉጥ፣ በሌላው ጠመንጃ። የመለኪያው ስም ከቁጥሩ ጋር ካልተጻፈ ፕሮፎርማው ላይ ፊርማ አታኑሩ። ጋሼ ከቀረቡልን ሦስት ፕሮፎርማዎች ሁለቱን የመለሱት በዚሁ ነው።

ወረቀቱ ራሱም ይነበባል። ማረጋገጫው ለኩባንያው ሳይሆን ለዚያ የመስታወት አሠራር መሆን አለበት፤ ስንት ሽፋን እንዳለው፣ የእያንዳንዱ ውፍረት ስንት ሚሊ እንደሆነ፣ መሐሉ የተጣበቀው በምን እንደሆነ፣ የሚመታው ፊት የትኛው እንደሆነ መጻፍ አለበት። ከዚያ የመጣው ዕቃ ጠርዝ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ተለክቶ ከወረቀቱ ጋር ይነጻጸራል። ጋሼ ይህን ሳያደርጉ ዕቃ አይረከቡም።

እኛን በጣም ያስገረመን የወንበሩ ነገር ነው። ጋሼ በገንዘብ ያዥዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከፊታቸው እስከ መስታወቱ ድረስ በሜትር ለኩ፤ 45 ሳንቲ። “እንግዲያው ኤንኤስ ያስፈልጋችኋል” አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይቱ መስታወቱን ባያልፍ እንኳ ከኋላው ፊት የመስታወት ፍንጣሪ ሊረጭ ይችላል። በፍተሻው ላይ ከመስታወቱ ኋላ በ50 ሳንቲ ርቀት 0.02 ሚሊ የሆነ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ይወጠራል። ፍንጣሪው ከበሳው ደረጃው “ኤስ” ይጻፍበታል፣ ካልበሳው “ኤንኤስ”። ኤስ ርካሽና ቀጭን ስለሆነ ሰው ለማይቀርብበት መስኮት ይበቃል። ዓይኗ ከመስታወቱ ክንድ ለማይርቅ ሠራተኛ ግን አይሆንም።

ምን እንዳልሆነም ይነገር። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ጠንካራ ነው፣ ጥይት ግን አይመክትም፤ አንድ ምት ሲያገኘው ሁሉም ወደ ጥራጥሬ ይለወጣል። ፊልም የተለጠፈበት ተራ መስታወትም የተሰበረውን ይዞ ያቆይ ይሆናል እንጂ ጥይት አያቆምም። “ፒ4ኤ”፣ “ፒ6ቢ” የሚሉ ምልክቶች ካያችሁ ኢኤን 356 የሚባለው መለኪያ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚፈተነው ከ9 ሜትር በተለቀቀ 4.11 ኪሎ የብረት ኳስ፣ ሁለተኛው በመጥረቢያ ነው። ለሌባ ይጠቅማል፣ ለጥይት አይነበብም።

ሚዛኑ ሌላ ጉዳይ ነው። መስታወት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) ደግሞ 1.2። 70 ሚሊ መስታወት በ1.5 ሜትር በ1.2 ሜትር ብናስብ 315 ኪሎ ይሆናል። እርሳቸው “ስፋቱን ቀንሱ፣ ደረጃውን አትንኩ” ብለው በአስፋልቱ በኩል ያለውን መስኮት ወደ 60 በ80 ሳንቲ አሳነሱት፤ በዚያው ውፍረት 84 ኪሎ ነው፣ ዋጋውም አብሮ ወረደ። ብርሃን የጎደለውን ከላይ፣ ሰው በማይታይበት ከፍታ፣ በተራ መስታወት አካካሱት። ወፍራም መስታወት አረንጓዴ ይመታል፣ ብርሃንም ይቀንሳልና ይህ ቀድሞ መታሰብ ያለበት ነው። ለውስጠኛው መክፈያ ከፊት መስታወት ከኋላ ፖሊካርቦኔት የሆነውን መረጡ፤ ከሙሉ መስታወት ይቀላል፣ የኋላው ፖሊካርቦኔትም ፍንጣሪ ይይዛል። ሙሉ አክሪሊክ (ሌላ ግልጽ ፕላስቲክ) ወይም ሙሉ ፖሊካርቦኔትም ለሽጉጥ ደረጃ አለ፤ ለዩኤል ደረጃ 1 አብዛኛውን ጊዜ 32 ሚሊ አክሪሊክ ወይም 19 ሚሊ ድርብርብ ፖሊካርቦኔት ይሆናል። ጠመንጃ ለሚፈራ ግን ይህ አይጠቅምም።

የአገራችን አየር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ባሕር አጠገብ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት (መሐሉ አየር ያለበት) እዚህ ሲደርስ እንደ ሆድ ይነፋል፣ ጠርዙ ይጨነቃል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ለደጋ የሚታዘዝ ከሆነ ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን ቱቦ ያለው ይሁን። ሌላው ውርጩ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሁሉ ነገር ይኮማተራል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። የአንድ ሜትር ፖሊካርቦኔት በ30 ዲግሪ ልዩነት 2 ሚሊ ያህል ሲለጠጥ መስታወቱ 0.3 ሚሊ አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱ የሚጣበቁት ፖሊዩሬቴን በሚባል ተለጣጭ ፕላስቲክ ነው። መስታወት ከመስታወት የሚጣበቅበት ፒቪቢ የሚባለው ስስ ፕላስቲክ ፖሊካርቦኔትን ራሱ ይጎዳዋል፤ ስንጥቅና ነጭ ጉም ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ፍሬሙና ግድግዳው ላይ ሰው ይሰንፋል። ባለ 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ ወይም ባዶ የአሉሚኒየም ፍሬም ጥይት አያቆምም። 6 ሚሊ ተራ ብረት እንኳ ለቅርብ ክላሽ አይበቃም። የፍሬም መለኪያው ሌላ ነው፤ ኢኤን 1522 ይባላል፣ ደረጃዎቹም ኤፍቢ 1 እስከ 7 ናቸው። ግድግዳውን ጋሼ በመዶሻ አንኳኩተው “ባዶ ብሎኬት ነው” አሉና ሥራውን አቆሙ። በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ብሎኬት ተከፍቶ ፌሮ ገባበት፣ ኮንክሪት ተሞላ። ከመስታወቱ በታች ያለው የእንጨት ባንኮኒም ከኋላው የተፈተነ ብረት ተደረገለት፤ ተኳሽ ወደ መስታወቱ ብቻ ያነጣጥራል ያለው ማን ነው?

ክፍተቶቹን የፈተኑት በባትሪ ነው። ማታ መብራት አጥፍተው ከደንበኛው በኩል አበሩ፤ በድምፅ መተላለፊያውና በገንዘብ መቀበያው ሳህን በኩል ቀጥ ያለ ብርሃን ወደ ውስጥ ከገባ ጥይትም ይገባል። ብርሃኑ ሁለት ቦታ አልፎ ስለታየ ሁለቱም ቦታ ላይ የተደራረበ መከለያ ጨመሩ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በዚህ ሒሳብ ፊት ለፊት ሳይሆን ተዛንፈው ተበሱ። ቀዳዳ የሌለው ፍሬም ክረምት ሲመጣ ውሃ ያቁራል፣ ጠርዙም ነጭ ሆኖ መላላጥ ይጀምራልና መተው አይቻልም።

ሲገጥሙም ቅደም ተከተል አላቸው። ብየዳው ሁሉ ያልቃል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ከዚያ ብቻ መስታወቱ ይመጣል፤ የብየዳ ፍንጣሪ መስታወት ላይ የሚጥለው ጉድጓድ አይጠፋም። ወርዱም ቁመቱም ሦስት ሦስት ቦታ ተለክቶ ትንሹ ይያዛል፣ በየጎኑ 5 ሚሊ ያህል ይተዋል። ይህን መስታወት ቦታው ላይ መቁረጥም መብሳትም አይቻልምና የልኬት ስህተት ማለት አዲስ ዕቃ ማዘዝ ነው። ከታች በወርዱ ሩብ ሩብ ላይ ሁለት ደረቅ ጎማ ይቀመጣል፤ እንጨት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጠርዙ ከፍሬሙ ውስጥ 25 ሚሊ ያህል ይገባል። ሲሊከኑ ገለልተኛ ዓይነት ይሁን፣ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ፒቪቢውን ያበላሻል። የሚመታው ፊት ወደ ውጭ መሆኑን ሁለት ሰው ያያል፤ የተገለበጠ ባለ ፖሊካርቦኔት መስታወት ሲያዩት ልዩነት የለውም፣ ደረጃው ግን የለም። የፖሊካርቦኔቱ መሸፈኛ ላስቲክ ደግሞ እንደተገጠመ ይላጥ፣ ፀሐይ ካገኘው ይጋገርና አይለቅም።

ለጽዳት ለስላሳ ሳሙናና ውሃ፣ ጥጥ ጨርቅ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ፣ አልኮልና ቤንዚን ከፕላስቲኩ ፊት ይራቁ። አንዴ በጥይት ከተመታ ወይም ድንጋይ የፊቱን ሽፋን ከሰነጠቀው ሙሉው ይለወጣል፤ “ገና አልበሳውም” ብሎ መተው አያዋጣም።

ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ የምትወስዱ ካላችሁ መስታወቱ በጠርዙ ቆሞ፣ በእንጨት ተደግፎ ይጫን። ተኝቶ ከተጫነ ጉብታው ላይ ይቀጫል።

አንድ ጉድለታቸውን አንደብቅም፤ ብየዳ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ የሰጡትንም ቀን አንድ ሁለት ቀን ያሳልፋሉ። ወደ ሱቃቸው ስትሄዱ የግድግዳውን ፎቶ ከውጭም ከውስጥም፣ የሠራተኛውን ወንበር ርቀት፣ ከሌላ ቦታ ያስመጣችሁት ፕሮፎርማ ካለም እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ሻይ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።